ቪልሚን የተለካችበት ክረምት

ወረቀቱ ከትምህርት ቤት የመጣው ሰኞ ዕለት ነው። ቪልሚን እንደ ልማዷ ቦርሳዋ ውስጥ ጨምድዳ፣ የዳቦዋን ቅባት አስነክታ አመጣችው። ሚታ የቦቲዋን ጭቃ እያራገፈች በር ላይ ቆማ አነበበችው። የአንደኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ቁመታቸው፣ ክብደታቸውና የጭንቅላታቸው ዙሪያ ይለካልና ወላጅ ከታች ይፈርም ይላል። «የጭንቅላታቸው ዙሪያ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጭቃውን ማራገፏን ተወች። እንደገና አነበበችው። ያው ነው።

የክዌፐርሆፍ የወይን እርሻ ሴቶች ወረቀቱን የተረዱት በሌላ መንገድ ነበር። ዶክተሮቹ የሚፈልጉት «የወይን ልጆችን» እንደሆነ ወሬው ከወረቀቱ ቀድሞ ደርሷል። እናታቸው እርጉዝ ሳለች በመጠጣቷ አእምሯቸው ገና ሆድ ውስጥ የተጎዳ ልጆች ማለት ነው። በዚያ ሸለቆ ከወሬ የሚፈጥን ነገር የለም፤ የባለቤቱ አዲሱ መኪና እንኳ አይደርስበትም።

«እኔና አንቺን ምን አገባን?» አለች ሳና በማግስቱ፣ ጎን ለጎን ሆነው የወይኑን ቅርንጫፍ ሲከረክሙ። «እኛ ቤት እንኳን ወይን ኮምጣጤም የለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር ተደግፈው የሚያቅራሩት ይጨነቁ።»

«እኔ መቼ ተጨነቅሁ?»

«አንድ ቅርንጫፍ ሦስቴ ቆረጥሽ እኮ፤ ወይኑን ልትጨርሺው ነው!»

እውነቷን ነው፤ ስለ ወይን ከሆነ ሁለቱም የሚጨነቁበት ነገር አልነበራቸውም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ እያየ እጃቸውን አንስተው፣ ነጭ ሪባን ደረታቸው ላይ ተሰክቶላቸው ወይን አንቀምስም ብለው ምለዋል። ቃላቸውንም አላጠፉም። ቅዳሜ ከሰዓት ወንዶቹ የወይን ከረጢታቸውን ከበው ሲቀመጡ፣ ሁለቱ በራቸውን ዘግተው መዝሙር ይዘምራሉ። ድምፃቸው ደግሞ አይጣል ነው፤ ስካር ያበርዳል።

ሚታ የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። ይህን ነገር ለሳናም፣ ለባሏ ለፍሎርስም፣ በጸሎት እንኳ ድምፅ አውጥታ ተናግራው አታውቅም።

ቪልሚን አራት ወር ሲሆናት ነው። ከሥራ በኋላ ሴቶቹ ትራክተሩ በሚጎትተው ጋሪ ላይ ተሳፍረው ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። ሚታ ሕፃኗን ታቅፋ ከሁሉም ኋላ፣ የጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን እንቅልፍ አሸለበው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ስትነቃ እቅፏ ባዶ ነው። ልጅቷ ከብረቱ ወለል ላይ፣ ከወይን መልቀሚያ ሳጥኖች መሃል ወድቃ ታለቅሳለች። አፈፍ አድርጋ አነሳቻት፣ ጡት አጎረሰቻት፣ ዝም አሰኘቻት። የትራክተሩ ጩኸት ሁሉን ሸፍኖት ነበርና ማንም ዞር ብሎ አላየም። ቤት ገብታ ጭንቅላቷን ስትዳብስ፣ ከጆሮዋ በላይ ወደ ኋላ ጣት የምታስገባ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አገኘች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቪልሚንን ፀጉር ከእሷ በቀር ማንም አልነካም። አማቷ «ልሥራት» ስትል «ያማታል፣ ታለቅሳለች» ትላለች። በየማለዳው ማበጠሪያው እዚያ ቦታ ሲደርስ እጇ ይቆማል። ሰባት ዓመት ሙሉ።

ልጅቷ ደህና ሆና ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትረሳው ነበር። ግን ቪልሚን ደህና አልነበረችም። ማክሰኞ የጋለ ምድጃ ይዛ መዳፏ ይላጣል፤ ሐሙስ ያንኑ ምድጃ በዚያው እጇ ትይዛለች። ስኳር ከጎረቤት እንድታመጣ ትላካለች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ለምን እንደመጣች አታውቀውም። መኪና ያቆመላትን ሁሉ አጎቷ ይመስል «ኦም» ብላ እጁን ትይዛለች። ባለፈው ወር ደግሞ ዳክዬ አየሁ ብላ ከነጫማዋ ወደ ግድቡ ገብታ፣ ውሃው አገጯ ደርሶ እየሳቀች ነው ፍሎርስ ጎትቶ ያወጣት። በማግስቱ እዚያው አገኟት። ሚታ ከሁሉም ያስፈራት ይህ ነው፤ ልጇ ፍርሃት የሚባል ነገር የላትም። ስለዚህ የሁለቱንም ፍርሃት እሷ ትፈራለች።

«እኔን ነው የወጣችው» ይላል ፍሎርስ ሁልጊዜ። «እኔም ትምህርት ድንጋይ ነበር የሚሆንብኝ። ይኸው ሞትኩ?»

በዚያ ሳምንትም ይህንኑ አላት። ሚታ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከወንዙ ማዶ ካለው እርሻ ልጆቿን የመንግሥት ሰዎች በነጭ መኪና መጥተው የወሰዱባት ሴት ትዝ አለቻት። ልጆቼን አልጠበቅኋቸውም፣ ዓይኔን ከእነሱ ላይ አንስቼ ነበር ብላ በራሷ አፍ ተናግራ ነው አሉ የወሰዱባት። ሚታ አፏን መልሳ ዘጋችና ድንች መላጧን ቀጠለች።

የመለኪያው ቀን ጠዋት የቪልሚንን ፀጉር ሠራቻት። እንዲህ ተጨንቃ ሠርታ አታውቅም። ጎድጓዳው ቦታ ላይ ሁለት ወፍራም ሹሩባ አስተኛች፤ በላዩም ሦስተኛ ጠቀለለችበት። ሜትሩ ሲያልፍ ከፀጉሩ ሌላ እንዳይነካ ነው ሐሳቧ።

ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ በካልሲ ተሰልፈዋል። የሳና ልጅ ኤልቪኖ ከቪልሚን ፊት ቆሟል። እሱም ከዕድሜው ያነሰ ነው፤ ሁለቱ ሲቆሙ የአራት ዓመት ልጆች ይመስላሉ። ነርሷ ኤልቪኖን ለካችና ጻፈች። ቪልሚን ጋ ስትደርስ ሜትሩን ዘረጋች፣ ሹሩባውን አየች፣ ሳቅ አለች።

«ውይ፣ እንዴት ያምራል! ግን ልንፈታው ነው የኔ ቆንጆ። ፀጉሩ ጭንቅላትሽን ትልቅ ያደርግብናል።»

ሚታ ከወላጆች ወንበር ብድግ አለች። «አይፈታም! ታለቅሳለች፣ ያማታል።»

«ቀስ ብዬ ነው የምፈታው እናቷ።»

ቪልሚን አላለቀሰችም። ነርሷን ወገቧን አቅፋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ሹሩባው አንድ በአንድ ተፈታ። የነርሷ ጣት ፀጉሩ ውስጥ ገባ። ሚታ መልሳ ተቀመጠች። ነርሷ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አዞረች፣ ቁጥሩን አየች፣ ሦስተኛ ጊዜ አዞረች። ጻፈችና ቀጣዩን ልጅ ጠራች።

ሁለተኛው ወረቀት በሁለት ሳምንቱ መጣ። ቪልሚንን ዶክተር ያያታል ይላል። ዶክተሯ ቀጭን፣ እጀ ቀዝቃዛ ሴት ናት። በትንሽ ማስመሪያ የቪልሚንን ዓይኖች ርዝመት ለካች፤ ከንፈሯንና ከአፍንጫዋ በታች ያለውን ስርጉድ አየች፤ መዳፏን ገልብጣ መስመሩን አየች። በመጨረሻ አሥር ጣቷን ፀጉሯ ውስጥ አስገብታ ጭንቅላቷን ሁሉ ዳበሰች። ዶክተሯ ለጸሐፊዋ «ፊቷ ላይ ምልክት የለም» አለች፤ ስለ ጎድጓዳው ቦታ አላነሳችም።

ከዚያ በሚቀጥለው ክፍል አንዲት ወጣት ቁጥር እየጠራች ቪልሚንን ድገሚልኝ ትላታለች።

«አራት፣ ዘጠኝ።»

«አራት፣ ዘጠኝ!»

«ጎበዝ! ሰባት፣ ሁለት፣ ስድስት።»

«ሰባት…» ቪልሚን መስኮቱን አየች። «ታኒ፣ ውሻ አለሽ?» አለቻት፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

ኩቦች ቀረቡላት። እንዲህ አስቀምጪ ሲሏት ወሰደች፣ ደረደረች፣ ፈረሰባት፣ እንደገና ያንኑ ስህተት ደረደረች፣ ፈረሰባት። አራት ጊዜ። ሚታ ከኋላ ተቀምጣ ጣቷ ኩቡን ማስተካከል እያማራት እጇን ጭኗ ስር ቀበረችው። ሲጨርሱ ዶክተሯ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቪልሚን ጭንቅላቷ ከዕድሜዋ በጣም ያንሳል። ማስታወስና ከስህተት መማር ይከብዳታል። ፊቷ ግን ምክንያቱን አይነግረንም» አለች። «ሊነግሩን የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የሚመጣው ረቡዕ እናቶችን ከምታነጋግረው ከወይዘሮ አዶኒስ ጋር ይነጋገራሉ።»

ሊነግሩን የሚችሉት እርስዎ ብቻ። ሚታ ይህን ቃል ይዛው ስድስት ቀን ዋለች። ስትከረክም መቀሱ እጇን በላት። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ሌላ ስንኝ ስትዘምር ሳና በክርኗ ጎሸመቻት። «ምን ሆነሻል? እኔም እኮ ረቡዕ ተጠርቻለሁ» አለቻት። «ምን እንዳይሉን ነው? ሪባናችንን አድርገን እንሄዳለን።»

ረቡዕ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያወርደው ነበር። ወይዘሮ አዶኒስ የምታነጋግረው የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ደረተ ሰፊ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሴት ናት። አነጋገሯ የከተማ አይደለም፤ እርሻ ላይ ያደገች መሆኗ አፏን ስትከፍት ይታወቃል። ጠረጴዛው ላይ ልዩ ልዩ ጠርሙስ፣ ብርጭቆና ቆርቆሮ ተደርድሯል። ሚታ ወደዚያ አላየችም፤ እሷን አይመለከታትም።

«ነይ ልጄ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ሁኚ። እዚህ የምትናገሪው ከዚህ አይወጣም።»

«ልጄን ይወስዷታል?»

ወይዘሮ አዶኒስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማን ነው የሚወስዳት?»

ይህን ጊዜ ሚታ ያ የያዘችው ነገር ፈነዳባት። አለቀሰች፣ ተናገረች፣ ደግሞ አለቀሰች፤ ጋሪውን፣ እንቅልፉን፣ ብረቱን፣ ጎድጓዳውን ቦታ፣ ሹሩባውን፣ ሁሉንም። «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት» አለች። «ዶክተሯ ነክታዋለች፣ አውቃለች፣ እንድናዘዝ ነው የጠራችሁኝ።»

ወይዘሮ አዶኒስ ወጥታ ዶክተሯን ይዛ ተመለሰች። ዶክተሯ ሰማች፤ ልጅቷ ያን ቀን አስመልሷት እንደሆነ፣ ራሷን ስታ እንደሆነ ጠየቀች።

«ኧረ በፍጹም። አለቀሰች፣ ጠባች፣ ተኛች።»

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ የሚታን እጅ ይዛ የራሷ ፀጉር ውስጥ አስገባችው። ከጆሮዋ በላይ ወደ ኋላ። ጣቷ ጎድጎድ ባለ ቦታ ላይ አረፈ።

«የእኔም አለ» አለች ዶክተሯ። «የብዙ ሰው አለ፤ አጥንቱ አፈጣጠሩ ነው። ከዚያ ከፍታ ወድቃ፣ ወዲያው ጠብታ የተኛች ልጅ በዚህ ምክንያት እንዲህ አትሆንም። ይህን ከልብዎ ያውጡት።»

ሄደች። ሚታ እጇን አየች፣ ጣቷን አየች። ሰባት ዓመት የተሸከመችው ድንጋይ ወርዶ ሰውነቷ ቅልል አላት። ሳቋ መጣ። ወይዘሮ አዶኒስ ሻይ ሰጠቻት፣ ሦስት ስኳር ጨመረችላት።

«በይ አሁን የተለመደውን እንጨርስ። ቪልሚንን አርግዘሽ ትጠጪ ነበር?»

«እኔ?» ሚታ ቀና አለች። «ምያለሁ ታኒ። ጠብታ አልቀመስኩም።»

«ጎሽ። ትሠሪ ነበር?»

«እስከ ስምንተኛው ወር። መኸር ነበር፤ ማን ይቀመጣል?»

«እስቲ አንዱን የሥራ ቀን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ። ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ።»

ሚታ እፎይ ብላለችና ምላሷ ተፈትቷል። እየቆጠረች ነገረቻት። «ጠዋት ጥቁር ቡና በዳቦ። ሥራ ልንጀምር ስንል ዶፕ። ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦ በቅባት፣ ዶፕ። ምሳ ባቄላ፣ አንዳንዴ ዓሣ፣ ከዚያ ዶፕ። ከሰዓት ውሃም፣ ዶፕም። ማታ ስንለቅ ዶፕ። ቤት ገብቼ ሾርባ። ደህና እበላ ነበር ታኒ፤ ሆዴን አልበደልኩም።»

የወይዘሮ አዶኒስ እስክሪብቶ ቆሟል።

«ዶፑ ወይን ነበር?»

«እንዴ፣ ሌላ ምን ይሆናል? የእርሻው ነዋ። አሁንማ ቀርቷል።»

«አሁን ጠብታ አልቀመስኩም አላልሽኝም?»

«አልቀመስኩምማ!» ሚታ ተናደደች። «ዶፕ እኮ የሥራ ነው። አለቃው የሚሰጠን ነው። እንደ ዳቦው፣ እንደ ባቄላው። ሰባኪውም ያውቃል፣ ያን ማንም መጠጥ ብሎ…» ወይዘሮ አዶኒስ እያየቻት ነው። በቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። በሐዘን ነው የምታያት።

«የኔ እናትም እንዲሁ ነበር የምትለው» አለች ወይዘሮ አዶኒስ ዝግ ብላ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ የቆርቆሮ ኩባያና የውሃ ማሰሮ ወደ ሚታ ገፋች። «ምን ያህል እንደነበር አሳዪኝ።»

ሚታ ማሰሮውን አነሳች። አንድ ጊዜ አዘንብላ፣ አንገቱን በአውራ ጣቷ ደግፋ፣ ሳታንጠባጥብ ቀዳች፤ ከአፉ በአንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ። ወይዘሮ አዶኒስ በመለኪያ ጽዋ ላይ ገለበጠችው፤ ጻፈችው፤ በአምስት አባዛችው፤ በሳምንቱ ቀናት አባዛችው። ሚታ ቁጥሩ ሲወጣ አየች። ኩባያውን ከፊቷ ገፋችው።

«ታኒ፣ መውደቋን ይጻፉ።»

«ዶክተሯ አይደለም አለች እኮ ልጄ።»

«ይጻፉት ግድ የለም! እሱ የአንድ ቀን ስህተት ነው። እንቅልፍ ነው፣ ማንም ያንቀላፋል። ይሄ ግን… ይሄ በየቀኑ ነው። በየቀኑ በጄ አንስቼ፣ አመሰግናለሁ ብዬ…»

ወይዘሮ አዶኒስ እጇን ያዘቻት። ማንም አይወስዳትም አለቻት። እውነቱ ቅጹ ላይ ከተጻፈ ቪልሚን ለብቻዋ የምታስተምራት መምህር እንደምታገኝ፣ ሁለት ነገር በአንዴ ሳይሆን አንድ አንድ እየተነገራት እንደምትማር ነገረቻት። ጉዳቱ አይድንም፣ ግን ከእሱ ጋር ይኖራል። እስከዛሬ ባለጌ፣ ሰነፍ፣ እልኸኛ ያሏት ሁሉ ተሳስተዋል። ሚታ ትሰማለች፤ ቃሉ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«አንድ ነገር ግን ገረመኝ» አለች ወይዘሮ አዶኒስ ቅጹን ልትዘጋ ስትል። «በዓይን ብቻ የዶፑን ልክ እንዲህ አድርጎ የቀዳ ሰው አላየሁም።»

ሚታ ኩባያውን አየችው። መልሱ አፏ ላይ ከመምጣቱ በፊት ፍርሃቱ መጣ። ከእስከ ዛሬው የባሰ።

«በመጨረሻዎቹ ወራት» አለች ቀስ ብላ፣ «ሆዴ ስለገፋ ቅርጫት መሸከም አልቻልኩም። አለቃው አዘነልኝ። የዶፑን ቆርቆሮ ያዢና አንቺ ቅጂላቸው አለኝ። በየረድፉ እየዞርኩ ለሴቶቹ የምቀዳው እኔ ነበርኩ።»

«ለስንት ሴት?»

«ለአሥራ አራት።» ዓይኗን ጨፈነች። ፊታቸው በየረድፉ መጣባት፤ ላብ ያጠመቀው፣ የሚስቅ፣ እጁን የዘረጋ። «እርጉዝ ለሆኑት ደግሞ አዝንላቸው ነበር። ለሁለት ሰው ነው የሚሠሩት፣ እያልኩ… አለቃው ዘወር ሲል ሁለት ሁለት እቀዳላቸው ነበር።»

ወይዘሮ አዶኒስ ይህን አልጻፈችውም። ለመጻፊያ የሚሆን መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።

ሚታ በሩን ከፍታ ስትወጣ ሳና አግዳሚው ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። ነጩን ሪባኗን ካፖርቷ ላይ ሰክታለች። ከእግሯ ስር ኤልቪኖና ቪልሚን መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ የጫማ ክር ለማሰር ይታገላሉ፤ ያስራሉ፣ ይፈታል፣ ይስቃሉ፣ በዚያው ዓይነት ያስራሉ።

«ምን አሉሽ? ወይኔ፣ ፊትሽ! ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ» አለች ሳና። «እኔማ ገብቼ ሪባኔን ነው የማሳያቸው። በሁለት ደቂቃ ጨርሼ እወጣለሁ።»

ሚታ ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። በዚያ ሰዓት ከምንም በላይ የፈለገችው እሱን ነው፤ ልጇን አንጠልጥላ ወደ ዝናቡ መውጣት። ግን ሳና ገብታ ጠብታ አልቀመስኩም ካለች፣ ወይዘሮ አዶኒስ የሥራ ቀኗን ባትጠይቃት፣ ኤልቪኖ ሰነፍና ባለጌ ተብሎ ይቀራል።

«የበላሽውን ሲጠይቁሽ ዶፑንም ንገሪያቸው» አለች።

«ዶፑን?» ሳና ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ ጤናም የለሽ! ያ ደሞ መጠጥ ነው እንዴ?»

ሚታ አልሳቀችም።

«ኤልቪኖን አርግዘሽ ሳለ» አለች፣ «ለአንቺ ሁለት ሁለት ነበር የምቀዳልሽ።»

«አውቃለሁ፤ ከሁሉ አብልጠሽ ትወጂኝ ነበር» አለች ሳና። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው። ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ ወደ ሚታ። በሩ ተከፈተና ወይዘሮ አዶኒስ «ሳና ፎርተይን» ብላ ጠራች። ሳና አልተነሳችም። ሁለተኛ ጠራቻት። ሳና አሁንም ሚታን እያየች ነበር፤ ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።